ግብሩ ቀድሞ፣ ጭማሪው ዘግይቶ፦ የደመወዝተኛው ተራ የት ነው?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲተገበር በተወሰነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል፣ በዲግሪ ለሚቀጠር ጀማሪ 11,500 ብር ተመድቧል። ከዚያ በፊት 6,940 ብር ነበር። ዝቅተኛው ተከፋይ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ወጥቷል። ወረቀት ላይ ሲታይ የሚናቅ ጭማሪ አይደለም። መንግሥትም ለዚሁ ብሎ ተጨማሪ 160 ቢሊዮን ብር እንደሚያወጣ አስታውቋል።

እስቲ ፔሮሉን እንክፈተው። ከ11,500 ብሩ ላይ 2,100 ብር የገቢ ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል። የ6,000 ብር ተከፋዩ በበኩሉ 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ከፍሎ 4,880 ብር ይዞ ይወጣል። ጤፍ በኩንታል 10,000 ብርን ካለፈ ቆይቷል። ሰውየው የወር ደመወዙን እንዳለ ጤፍ ላይ ቢያፈሰው ግማሽ ኩንታል አይሞላለትም። ኪራዩ፣ ታክሲው፣ ዘይቱና የልጆቹ ደብተር ገና አልተነሱም።

እንዲህ ዓይነት ስሌት ሲሠራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው "ምን ይደረግ፣ አገሪቱ ድሃ ናት" በሚል ነው። እውነት ነው፣ ድሃ ናት። ግን ድህነት ብቻውን ይህን ፔሮል አያብራራውም። ደመወዝተኛው ግብር ሲሰበሰብ የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ይቆማል። ገቢው ከገበያው ጋር ሲስተካከል ደግሞ መጨረሻ ላይ። ይህንን ተራ የወሰነው ዝናብ ወይም የዓለም ገበያ አይደለም። በአዋጅ፣ በበጀትና ሳይወጣ በቀረ ደንብ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

ግብሩ ከማን ይጀምራል?

ስለ ደመወዝ ግብር ሲወራ ብዙ ሰው የሚያየው መቶኛውን ነው። ዋናው ነገር ግን መቶኛው ከየትኛው ብር ላይ ይጀምራል የሚለው ነው።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያውን 150 ብር ከግብር ነፃ አድርጎ ነበር። ከፍተኛው የ35 በመቶ ምጣኔ የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ላይ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ነፃው ገቢ 600 ብር ሆነ፤ 35 በመቶው ከ10,900 ብር በላይ ተባለ። ከዚያ ለ9 ዓመት ማንም አልነካውም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ማሻሻያውን ሲያጸድቅ ነፃው 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶውም ከ14,000 ብር በላይ ወጣ።

ከ600 ወደ 2,000 ብር። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ደስ ይላል። ግን እነዚህን ብሮች በየዘመናቸው ምንዛሪ እንያቸው። በ1994 ዓ.ም. አንድ ዶላር 8 ብር ተኩል ገደማ ነበር፤ ነፃው 150 ብር ወደ 17 ዶላር ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ዶላሩ 22 ብር አካባቢ ስለነበር 600 ብሩ 27 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዶላሩ ባንክ ውስጥ ከ135 ብር በላይ ነበር። አዲሱ 2,000 ብር 15 ዶላር አይሞላም ነበር። ማለትም የ2017ቱ ማሻሻያ ከ23 ዓመት በፊት ወደነበረው እንኳ አልመለሰንም።

የላይኛው ጫፍ ደግሞ የባሰ ነው። በ1994 ዓ.ም. 35 በመቶ የሚከፍለው በወር 590 ዶላር ገደማ የሚያገኝ ሰው ነበር። በዘመኑ ይህ ሰው ሀብታም ነበር ማለት ይቻላል፤ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ወይም የውጭ ድርጅት ተቀጣሪ። ማሻሻያው በጸደቀበት በ2017 ዓ.ም. ምንዛሪ ያው 35 በመቶ የሚነካው ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ የሚል ገቢ ያለውን ነበር። ለባለጸጋ ተብሎ የተሰፋው ካባ አንድ ጥልፍ ሳይነካ ወርዶ ወርዶ መምህሩና ነርሷ ትከሻ ላይ አርፏል። መቶኛው አልተለወጠም። ማንም "ግብር ጨመርን" ብሎ አላወጀም። የዋጋ ንረቱ ራሱ ግብር ጨማሪ ሆነ፣ ያውም ያለ ድምፅ ብልጫ።

ዶላር ለዚህ ጥሩ መለኪያ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ደመወዝተኛው ዶላር አይበላም። በአገር ውስጥ የሸቀጥ ዋጋ ብንለካውም ግን ወደ ተመሳሳይ ቦታ ያደርሰናል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ብቻ ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ 30 በመቶ ማለት 100 ብር የነበረ ዕቃ 169 ብር መግባት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። 600 ብሩም እዚያው ነበረ።

ይህ ለምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ አንድ የማይመች እውነት እናገኛለን። ኢትዮጵያ ከአገር ውስጥ ምርቷ አንጻር የምትሰበስበው ግብር እጅግ አነስተኛ ነው። ከ10 በመቶ በታች ወርዶ 7 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች አማካይ ከዚህ እጥፍ ነው። መሬት የሚሸጠው፣ ቤት የሚያከራየው፣ ያለ ደረሰኝ በሚሊዮን የሚነግደው፣ ገቢውን ዝቅ አድርጎ የሚያስታውቀው ብዙ ነው። እነሱን ማሳደድ ሥራ ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ጠላት ያፈራል። ደመወዝተኛን ማሳደድ ግን አያስፈልግም። ብሩ እጁ ሳይገባ ቀጣሪው ቆርጦ ያስገባል። ሊደብቀው ቢፈልግ እንኳ አይችልም። የግብር ሥርዓቱ ደካማ በሆነ ቁጥር ወደሚቀለው ኪስ እጁን ይሰዳል። የሚቀለው ኪስ ደግሞ የሳሳው ነው።

የተጨመረው ከጠፋው ሲቀነስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያው ጊዜ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ4 ዓመት የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ የዓለም ባንክም 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍና ብድር ሰጠ።

እርምጃው ለምን ተወሰደ የሚለው የታወቀ ነው። ካዝናው ዶላር አልነበረውም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቅቷት ነበር። የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ሁለት እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ያ ልዩነት የማንን ኪስ ሲሞላ እንደነበር አገር ያውቃል። ስለዚህ "ብሩ ባይለቀቅ ሁሉም ደህና ነበር" የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። አልነበረም።

ጥያቄው ወጪውን ማን ተሸከመ የሚለው ነው። ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በዚያው ሳምንት አስተካከለ። አከራዩ ውሉ ሲያልቅ አስተካከለ። መንግሥት ራሱ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ሄደ፤ ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር 100 ብርን አለፈ። በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክና ውሃ ላይ 15 በመቶ መጣ። ደመወዝተኛው ብቻ የሚያስተካክለው ዋጋ የለውም። የሚሸጠው ጉልበቱንና ጊዜውን ነው፤ ዋጋውን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

ጭማሪ አልመጣም ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተሻሻለ። ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ለታችኛው ተከፋይ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ መካድ አይገባም። ላይኛው ተከፋይ ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ነው የሄደው። አንድ ሺህ ብር ጭማሪ፣ ብሩ ግማሽ ዋጋውን ባጣበት ዓመት! 360 ዶላር ገደማ የነበረው ደመወዝ ከ190 ዶላር በታች ወረደ። የ2018ቱ 39,000 ብር እንኳ ወደ 360ው አልመለሰውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ድሃውን ለመጠበቅ ተብሎ ከታች ሲነሳና ከላይ ሲያዝ፣ የመሐሉ ሰው ተጨፍልቆ ይቀራል። ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ የወጣ ሐኪም፣ ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር፣ ልምድ ያለው መሐንዲስ በአንድ ጊዜ ወደ ጀማሪው ተጠጋ። ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ሰውየው ወይ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ከሰዓት በኋላ በግል ተቋም ይሠራል፣ ወይ የመንግሥት ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ "ጉዳይ" ይጨርሳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄያቸው የደመወዝና የጥቅማጥቅም ነበር። የተሰጣቸው መልስ ደግሞ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያና እስር ነበር። ከወራት በኋላ የመጣው አዲሱ ስኬል የላይኛውን ተከፋይ ከፍ ያደረገው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ወለል የሌለው ቤት

እስካሁን ያወራነው ስለ መንግሥት ሠራተኛ ነው። እሱ ቢያንስ ስኬል አለው። በግል ዘርፍ ያለው ሠራተኛ ስኬልም ወለልም የለውም። በኢትዮጵያ ለግል ቀጣሪዎች በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን የለም። ጥበቃዋ፣ አስተናጋጁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የፋብሪካ ኦፕሬተሯ የሚያገኙት በር ላይ ቆሞ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ብዛት የሚወስነውን ነው።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። መንግሥት፣ ሠራተኞችና ሌሎች ባለድርሻዎች ይቀመጡበታል፤ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል። ሥልጣኑን የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። በቃ፣ አንድ ደንብ። 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ ግን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ሥራ ላይ አልነበረም። ጥናት ላይ ነው ሲባል ነው የከረመው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ሕግ ላስቀምጥ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። የኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በመንግሥት በሚታወጅ ጣሪያ ውስጥ እንዲሆን ደነገገ። በአዲስ አበባ ወዲያው ምዝገባ ተጀመረ። ኪራይ ከደመወዝ ያነሰ ውስብስብ ነገር ነው? አይመስለኝም። እያንዳንዱ ቤት የተለያየ ነው፣ አከራዩ ግለሰብ ነው፣ ውሉ በቃል ነው። እንዲያም ሆኖ ሕጉ ወጣ፣ ተተገበረም። የደመወዝ ወለልን ያዘገየው ችግሩ መክበዱ ብቻ ነው የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ ይላላል።

የመንግሥት ስጋት የታወቀ ነው። ደመወዝ ከተወደደ ኢንቨስተሩ ይሸሻል የሚል ነው። ይህንን ስጋት በተግባር የሞከርንበት ቦታ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ዋናው መሳቢያ ርካሽ ጉልበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በልብስ ስፌት ዘርፍ ከዓለም ዝቅተኛው ነው አሉ። ታዲያ ፋብሪካዎቹ በዚህ ርካሽነት ተጠቀሙ? ያው ሪፖርት እንደሚለው በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛ ፍልሰቱ በአማካይ 100 በመቶ ነበር። ማለትም በዓመት ውስጥ ሠራተኛው በሙሉ ተቀይሯል ማለት ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ኪራይ ተከፍሎ፣ ምግብ ተበልቶ የሚተርፍ ሲጠፋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፋብሪካው አዲስ ሰው ያሠለጥናል። ስፌቱ ይዘገያል፣ ይበላሻል። ርካሹ ጉልበት ተወደደ።

ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ዕድል፣ እንድትወጣ ተደረገ። ምክንያቱ ጦርነቱ ነበር፤ ደመወዝ አልነበረም። ብዙ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ አጡ፣ አንዳንዶቹ ዘጉ። ኢንቨስተር የሚያሸሸው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ዝቅተኛ ደመወዝ ሁሉንም ይፈታል ብዬ ግን አልሟገትም። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ገበሬ ነው ወይም ለራሱ የሚሠራ ነው። ጀብሎ፣ ሊስትሮ፣ ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት ቀጣሪ የላቸውም። ወለሉ ለእነሱ አይደርስም። በጣም ከፍ ተደርጎ ቢጀመር ደግሞ ትንንሽ ሱቆችና ካፌዎች ሠራተኛ ይቀንሳሉ። ለዚህ ነው በዘርፍ ተለይቶ፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ በየዓመቱ የሚስተካከል ወለል የሚሻለው። ከባንኮችና ከትላልቅ ድርጅቶች መጀመር ይቻላል። በተለይ በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች ጉዳይ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ባለ ብዙ ቢሊዮን ትርፍ ድርጅት በር ላይ የሚቆም ሰው ደመወዙ በመሐል ተቀንሶ የሚደርሰው ነው። እሱን ማስተካከል የማንንም ካፌ አይዘጋም።

የሚጠይቀውስ ማን ነው? የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሠራተኞችን ቀን በሰልፍ አክብሮ የኑሮ ውድነትን፣ የደመወዝ ግብርንና የዝቅተኛ ደመወዝን ጥያቄ ሊያነሳ አቅዶ ነበር። ሰልፉ ሳይፈቀድ ቀረ። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ከነጭራሹ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍነውም፤ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ መደራደር አይችልም። ነጋዴው ምክር ቤት አለው። ባለሀብቱ ሚኒስትሩ ቢሮ ይገባል። ደመወዝተኛው የመጨረሻው ተራ ላይ የቆመው ሰልፍ ስለማያውቅ አይደለም፤ ስለማይፈቀድለት ነው።

በጀቱ ምን ይናገራል?

የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ነው። የ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 971 ቢሊዮን ብር ተብሎ ጸድቆ ኋላ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት ታክሎበታል። መጀመሪያ ከጸደቀው 971 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ ቁጥሩ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ብሩ ስለወደቀ አብዛኛው ዕድገት የቁጥር ብቻ ነው፤ ለዚህ ብዙ አንገረም።

ክፍፍሉ ግን ያስተምራል። ከ1 ነጥብ 93 ትሪሊዮኑ 1 ነጥብ 18 ትሪሊዮን ገደማ መደበኛ ወጪ ነው። 415 ቢሊዮን ለካፒታል፣ 315 ቢሊዮን አካባቢ ለክልሎች ድጋፍ። መደበኛ ወጪ ሲባል ብዙ ሰው ደመወዝ ብቻ ይመስለዋል። ዕዳም እዚያው ውስጥ ነው፤ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ብር ለብድርና ለወለድ ይሄዳል። መከላከያም እዚያው ነው። በ2014 ዓ.ም. 22 ቢሊዮን ብር የነበረው የመከላከያ በጀት በ2015 ዓ.ም. 84 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸድቆ ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም ሌላ ቦታ ጥይቱ አልቆመም። ጦርነት የደመወዝተኛው ጠላት የሚሆነው ሰው ስለሚገድል ብቻ አይደለም። የዛሬ በጀትን ይበላል፣ በብድር ከሆነ የነገንም ይበላል፣ ገበሬው እንዳያርስና መኪናው እንዳያልፍ አድርጎ የጤፉንም ዋጋ ይሰቅለዋል።

ቀድሞ መንግሥት ሲጎድለው ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር። በሌላ አነጋገር ብር ይታተም ነበር። አሁን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በተገባው ስምምነት ይህ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ጥሩ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ግሽበቱ ወደ 13 በመቶ አካባቢ የወረደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ከየትም አይታተምም። ወይ ከግብር ይመጣል፣ ወይ ከሌላ ወጪ ይቀነሳል። ምርጫው ፊት ለፊት ወጥቷል።

የኮሪደር ልማት ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ስለ ኮሪደሩ የሚወራው ሁለቱም ጫፍ ያሰለቻል። አንዱ ገነት ያደርገዋል፣ ሌላው ቀለም ቀቢነት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ተሠርቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፣ መብራት በርቷል፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተገንብቷል፤ እነዚህ ለድሃውም ይጠቅማሉ። ሥራው ደግሞ ቀንና ሌሊት፣ በሦስት ፈረቃ፣ በሚያስደንቅ ፍጥነት ነው የተሠራው። ይህ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። መንግሥት የፈለገውን ነገር ገንዘብም ፍጥነትም ፈልጎ ያገኝለታል። "አቅም የለም" የሚለው መልስ ለሁሉም ጥያቄ እኩል አይሠራም።

ሌላው ደግሞ የልማቱ ዋጋ በደመወዝ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ነው። ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብን አስቡ። ምናልባት የተሻለ ቤት አግኝቶ ይሆናል። ሥራው ግን ካዛንቺስና አካባቢው ነበር። በእግር ይሄድበት የነበረውን ሥራ አሁን በታክሲ ይሄድበታል። ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ ተበትነዋል። ማንም ደመወዟን አልቀነሰም፤ ገቢዋ ግን ቀንሷል። በፕሮጀክቱ ወጪ መዝገብ ላይ ይህ ቁጥር የትም አይገኝም።

በተቃራኒው አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ከምሰማቸው የመንግሥት ወጪዎች ሁሉ ጤናማው ይመስለኛል። ሁለት ልጆች ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ሲበሉ የእናትየው ደመወዝ ሳይጨመር ተጨመረ ማለት ነው። ግብር አይቆረጥበትም። ነጋዴው ሰምቶ ዋጋ አይሰቅልበትም። ምግቡን የሚያበስሉትም የሰፈሩ እናቶች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው ሰርቪስ አውቶቡስም እንደዚያው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ያለው ሴፍቲኔትም ቢሆን፣ ድክመቱ ብዙ ቢሆንም፣ በድርቅ ዓመት በሬውን ሸጦ እንዳይበላ ያደረገው ገበሬ ብዙ ነው። የደመወዝ ጭማሪና የአገልግሎት ወጪ ተፎካካሪ ሳይሆኑ አንድ ኪስ ናቸው።

ወረዳ ሲደርስ

አዲስ አበባ ላይ የሚታወጅ ጭማሪ ወረዳ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የግብርና ባለሙያውን የሚከፍለው ፌዴራል መንግሥት አይደለም። ክልሉና ወረዳው ናቸው። ወረዳው ከክልል የሚደርሰው በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ጭማሪ ሲታወጅ ጎደሎውን ከየት ይሙላ? ጠመኔውን፣ መድኃኒቱን፣ የሞተር ሳይክል ነዳጁን ቆርጦ። ስለዚህ ባለሙያው ደመወዝ ይኖረዋል፣ የሚሠራበት ግን የለውም።

ያም ሲያልቅ ደመወዙ ራሱ ይቆማል። በደቡብ ባሉ አንዳንድ ዞኖች መምህራን ለወራት ሙሉ ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል፤ በወላይታ ጉዳዩ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ተብሎ ከወረዳው በጀት ቀድሞ ሲቆረጥ፣ የቀረው ለመምህሩ አይበቃም። እዚህም ተራው ያው ነው። ዕዳው ፊት፣ ደመወዝተኛው ኋላ።

ይህንን ተራ ለመቀየር አብዮት አያስፈልግም። ከሁሉ የሚቀለው የግብር ሰንጠረዡ በየዓመቱ ከግሽበቱ ጋር ራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ቁጥሩን በየወሩ ያወጣል፤ አዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ማከል ብቻ ነው የሚፈልገው። ያኔ 600 ብር ለ9 ዓመት አይደርቅም። ገንዘብ ሚኒስቴር ይህንን አይወደውም፣ ይገባኛል። በዝምታ የሚመጣ ገቢ ማንም አይጠላም። ግን ግብር መጨመር ከፈለገ ወጥቶ "ጨምሬያለሁ" ይበል።

ሁለተኛው የደመወዝ ቦርዱ ነው። ደንቡ ይውጣ፣ ቦርዱ ይቀመጥ፣ የመጀመሪያው ወለል ትንሽም ቢሆን ይሁን። ሦስተኛው ትንሽ ይከብዳል። ከመደበኛው በጀት ውጭ፣ በከተማ አስተዳደሮችም በልዩ ፈንዶችም የሚሠሩ ትላልቅ ፕሮጀክቶች ወጪያቸው በአንድ ሰነድ ለሕዝብ ይውጣ። የአዲስ አበባ የ2018 በጀት ብቻ 350 ቢሊዮን ብር ነው፤ ለክልሎች ሁሉ ከተመደበው የፌዴራል ድጋፍ ይበልጣል። የከተማዋ ገቢ ራሷ ያመነጨችው ነው፣ አልካድኩም። ግን ፓርኩና ደመወዙ በተለያየ መዝገብ እስከተጻፉ ድረስ ማንም ጎን ለጎን አድርጎ ሊመዝናቸው አይችልም።

በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ የበጀት ረቂቁን ይዘው ፓርላማ ይቆማሉ። የምክር ቤት አባላት ስለ መንገድና ስለ ውሃ ይጠይቃሉ፤ የመረጣቸው ሕዝብ የሚጠብቀው እሱን ነው። ከዚያው መቀመጫ ሌሎች ጥያቄዎች ቢነሱ መልካም ነው። ባለፈው ዓመት ግሽበት ምክንያት ከደመወዝ ግብር የተሰበሰበው ትርፍ ስንት ነው? ስንት ወረዳ የደመወዝ ጭማሪውን ከሥራ ማስኬጃ ቆርጦ ከፈለ? የደመወዝ ቦርዱ ደንብ የማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው?